ያገለገለች የቅንጦት መኪና ልትገዙ ነው? ከኮፈኑ በፊት የነዳጅ ክዳኑን ክፈቱ

ብዙ ሰው ያገለገለ መኪና ሊያይ ሲሄድ መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። ጎንበስ ይላል፤ ምን እያየ እንደሆነ ባያውቅም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ቀድሜ የምከፍተው የነዳጅ ክዳኑን ነው። ከውስጥ በኩል ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፋለች። መኪናዋ በሚመጡት ዓመታት ከኪሴ ምን ያህል እንደምትወስድ ከሻጩ ይልቅ እሷ በደንብ ትነግረኛለች።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራዬም መንዳት ነው። ስለዚህ የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ታክሱንና ኢንስፔክሽኑን ወደራሳችሁ ሕግ ብትቀይሩት አብዛኛው ይሠራላችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

የመጀመሪያዋን የቅንጦት መኪና የገዛሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ጥቁር፣ የቆዳ ወንበር፣ ጀርመን ሠራሽ። ስሟን ልተወው። የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ፣ ትንሽ ጨምሬበት፣ 11,500 ዶላር ቆጠርኩ። ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ ሬጉላር ቀዳሁላት። ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው ብዬ። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኜ የሸናንዶዋን ተራራ ስወጣ ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ። የገብስ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ታውቁታላችሁ? ልክ እሱን። ባለቤቴ "ምንድን ነው የሚንጣጣው?" አለችኝ። እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ሰኞ ዕለት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሀበሻ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። ኮፈኑን አልነካም። በዝምታ ዞሮ የነዳጅ ክዳኑን ከፈተና ጽሑፏ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ወንድሜ፣ ማንበብ ትችል የለ?"

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

ማደያ ላይ 87 (ሬጉላር)፣ 89፣ 93 (ፕሪምየም) ተብሎ የሚጻፈው ኦክቴን ነው። ቁጥሩ ስለ ቤንዚኑ ጉልበትም ሆነ ንጽሕና አይናገርም። ቤንዚንና አየር ሞተር ውስጥ ሲታመቁ ይሞቃሉ። ካንዴላው ከመለኮሱ በፊት ወይም ከሌላ አቅጣጫ በራሱ ጊዜ ከተቀጣጠለ ያ የቆሎ ድምፅ ይመጣል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን መታመቁን ይታገሳል፣ በቃ ይኸው ነው። ቱርቦ ያለው ወይም አጥብቆ የሚያምቅ ሞተር ታጋሽ ቤንዚን ይፈልጋል። የማይፈልግ ሞተር ላይ ፕሪምየም ብትቀዱ የምታገኙት ነገር የለም። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ሬጉላር የሚበቃው መኪና ይዘው ፕሪምየም የቀዱ አሜሪካውያን በአንድ ዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አባክነዋል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነበር ያበላሸሁት።

ክዳኑ ላይ ወይም ማኑዋሉ ውስጥ የምትፈልጉት አንዲት ቃል ናት። "ፕሪምየም ሪኳየርድ" ካለ ግዴታ ነው፤ 91 እና ከዚያ በላይ መቅዳት አለባችሁ። "ሬኮሜንድድ" ካለ ምክር ነው። ሬጉላር ብትቀዱ ኮምፒውተሩ ያን የቆሎ ድምፅ በሴንሰር ሰምቶ የእሳቱን ሰዓት ያዘገየዋል። ጉልበቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጋሎኑም ቶሎ ያልቃል፣ ግን ትሄዳለች። 87 ካለ ወይም ስለ ፕሪምየም ምንም ካላለ ሬጉላር ቅዱ፣ ሌላ ነገር አታስቡ።

ከአውሮፓ ለመጣችሁ አንድ ማስታወሻ፦ እዚያ 95 የሚባለው እዚህ 91 አካባቢ ነው። አቆጣጠሩ ይለያያል እንጂ የአሜሪካ ቤንዚን ደካማ ሆኖ አይደለም። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ደግሞ ማደያው ላይ 85 ታያላችሁ። ማኑዋላችሁ በግልጽ ካልፈቀደ እለፉት።

ሒሳቡን መኪና ከማየታችሁ በፊት ሥሩ

ሁለት መኪና እንውሰድ። አንዷ ከ2013 እስከ 2018 የተሠራችው ሌክሰስ ኢኤስ 300 ኤች ናት፤ ሃይብሪድ፣ በጋሎን 40 ማይል ገደማ ትሄዳለች፣ ሬጉላር ይበቃታል። ሌላዋ የ2014 መርሴዲስ ኢ 350፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳው ናት። በጋሎን 23 ማይል ገደማ፣ ፕሪምየም ግዴታ። ሬጉላር 3.20፣ ፕሪምየም 4.20 ነው ብለን እናስላ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እናንተ የሰፈራችሁን አስገቡ።

በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው ለሌክሰሷ 960 ዶላር፣ ለመርሴዲሷ 2,190 ዶላር ገደማ ያወጣል። ልዩነቱ 1,230 ነው። እንደኔ በመንዳት የሚኖርና 40,000 ማይል የሚሄድ ደግሞ 3,200 እና 7,300 ይገጥመዋል። በዓመት አራት ሺህ ዶላር ልዩነት ማለት ነው። በሦስት ዓመት ሌላ መኪና ይገዛል።

መርሴዲስ አትግዙ እያልኩ አይደለም። አነዳዷን እወደዋለሁ፤ አውራ ጎዳና ላይ መሬት የያዘች መኪና ናት። ግን ሻጩ "ርካሽ ነው" ሲላችሁ ርካሹ የመግቢያው ዋጋ ብቻ መሆኑን እወቁ። በአዲስነቷ 60,000 ዶላር የነበረች መኪና 12,000 ብትሸጥም መለዋወጫዋ አሁንም የ60,000 ዶላር መኪና መለዋወጫ ነው።

የትኛዋን?

የሀበሻ ሹፌር ሁሉ ሌክሰስ ኢኤስ ለምን እንደሚነዳ የሚገርማችሁ ካላችሁ መልሱ ቀላል ነው። ከታች ቶዮታ ናት። ኢኤስ 350 ከቶዮታ አቫሎን ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ይጋራል። መካኒኩ ያውቃታል፣ ዕቃዋ ይገኛል፣ ከ2013 ሞዴል ወዲህ ያሉት ደግሞ በ87 ይሄዳሉ። እንዲያውም አርማው ካላሳሰባችሁ አቫሎኗን እዩ፤ በተመሳሳይ ማይል ብዙ ጊዜ ዋጋዋ ይቀንሳል።

ግን "ሌክሰስ ስለሆነች" ብቻ አትመኑ። ጂኤስ 350 ፕሪምየም ትጠይቃለች። በ2007 እና 2008 ኢኤስ ላይ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ቀልጦ የመጣበቅ ችግር ነበር፤ በጣታችሁ ንኩት። ከ2007 እስከ 2010 አካባቢ የተሠሩት ባለ 3.5 ሊትር ሞተሮች ላይ ደግሞ ከጎማ የተሠራ የዘይት ቱቦ አለ። ሲያረጅ ይፈነዳና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈሳል። በብረት ተቀይሮ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። ሃይብሪድ ከሆነች የኋላ ወንበር አካባቢ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መሳቢያ እዩ። አቧራ፣ የውሻ ፀጉር፣ የልጅ ብስኩት ይደፍነዋል፤ ባትሪውም በሙቀት ያልቃል። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበራቸው።

መርሴዲስ ኢ 250 ብሉቴክ የምትባል ከ2014 እስከ 2016 የተሸጠች ካገኛችሁ ናፍጣ ናት። የቤንዚኑ ቱቦ አፍ ቀጭን ስለሆነ ናፍጣ መኪና ውስጥ ሊገባ ይችላል። ተሳስታችሁ ከቀዳችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ቁልፉን ሳታዞሩ ጎታች ካሚዮን ጥሩና ታንኩ ይታጠብ። አንዴ ካስነሳችሁ ወጪው ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ልካለሁ ብሎ ለሚያስብም አንድ ቃል፦ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ የቆመ ሰው አውቃለሁ።

ወረቀቱ

የሻንሲ ቁጥሩን ጠይቁ፤ እዚህ ቪን ይሉታል። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በሹፌሩ በኩል መስታወቱ ሥር ይታያል፣ የበሩ ቋሚ ላይም አለ። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሻጩ ቪን በጽሑፍ ለመላክ ካመነታ ስልኩን ዝጉት።

በቪኑ ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሪኮል (የፋብሪካ የጥገና ጥሪ) እንዳለባት። ነፃ ነው። የታካታ ኤርባግ ጉዳይ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ሪኮል ነው፤ ከ2007 እስከ 2012 የተሠሩት ኢኤሶችም ውስጡ ናቸው። ሲፈነዳ ብረት ይረጫልና በቀልድ አትለፉት፤ ዲለሩ በነፃ ይቀይረዋል። ሁለተኛ፣ የታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቷ) ታሪክ፦ ሳልቬጅ (ክፉኛ ተጎድታ ኢንሹራንስ የጣላት)፣ ጎርፍ፣ የማይል ማጭበርበር። ሦስተኛ፣ ካርፋክስ የሚባለው የመኪና ታሪክ ሪፖርት ወይም መሰሉ። ካርፋክስ ንጹሕ ነው ማለት መኪናዋ አልተጋጨችም ማለት እንዳልሆነ አስታውሱ። ኢንሹራንስ ሳይጠራ ጓሮ ውስጥ የተሠራ ግጭት የትም አይመዘገብም።

ከግለሰብ ስትገዙ ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አንድ ይሁን። "የአጎቴ ልጅ ናት፣ እሱ ከተማ የለም" ከተባላችሁ ያለፈቃድ የሚነግድ ደላላ ሊሆን ይችላል። ዲለር ከሆነ መስኮቱ ላይ ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት መለጠፍ ግዴታው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ "አስ ኢዝ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ እንዳለች ትወስዷታላችሁ፤ ከበሩ ስትወጡ ካምቢዮው ቢወድቅም የእናንተ ነው።

መኪናዋ ፊት

ቀድማችሁ ደውሉና "እባክህ እኔ ሳልመጣ አታስነሳት" በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ከሞቀ አንድ ነገር ሊደብቃችሁ አስቦ ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው ሞተር ምሥጢሩን የሚያወጣው። ስትነሳ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑራችሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ለጥቂት ደቂቃ ችግር የለውም፤ ሞቃም ካላቆመ ውሃ እየገባ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ከሥሩ እዩ። እንደ ማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ደኅና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

ጎማዎቹ ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አራት የተለያየ ስም ያለው ርካሽ ጎማ ያደረገች የቅንጦት መኪና ባለቤቷ ሌላውንም እንደዚያው ነው የያዘው።

የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጎርፍ የገባባት መኪና ወንበሯ ይታጠባል፣ ሽቶ ይረጭባታል፤ የቀበቶው ጫፍ ላይ ያለው የጭቃ ምልክት ግን ይቀራል። በፖርታ ባጋጁ ምንጣፍ ሥር፣ የትርፍ ጎማው ቦታም እዩ።

20 ዶላር ገደማ የምትገዛ የኮምፒውተር ማንበቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ከ1996 ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር መሰኪያ አለው። ኮድ መኖሩን ብቻ አትዩ፤ "ሬዲነስ" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። አብዛኛው "ኖት ሬዲ" ካለ አንድ ሰው ከመምጣታችሁ በፊት የቼክ ኢንጅን መብራቱን አጥፍቶታል ወይም ባትሪውን ነቅሏል። ይህቺ ዘዴ ሁለት ጊዜ አድናኛለች። አንዱ ሻጭ ፊቱ ሲቀየር በዓይኔ አይቻለሁ።

በአየር የምትቆም ሰስፔንሽን ያላት ከሆነች ለሁለት ቀን ተመላለሱ። አድራ አንድ ጎኗ ቁጭ ካለ አየሩ እየወጣ ነው፤ ጥገናው በሺዎች ይቆጠራል።

ንዱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ መስኮት ተዘግቶ። ቆማችሁ ከዲ ወደ አር ስትቀይሩ ጓ ካለች ልብ በሉ። አንድ ዳገት ፈልጉና እርገጡት፤ ቆሎውን የምትሰሙት እዚያ ነው። የወንበር ማሞቂያ፣ ካሜራ፣ መስታወት ማጠፊያ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ እናንተ የመረጣችሁት መካኒክ ጋ ውሰዷት እንጂ ሻጩ የመረጠው ጋ አይደለም። ከ100 እስከ 250 ዶላር ታወጣላችሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በበረዶው ወቅት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ ብረትም ያዝጋል፤ መካኒኩ ከሥር የተሸከማትን ብረት በመዶሻ ነካ ነካ ያድርግላችሁ። ሻጩ "መካኒክ አላስይም" ካለ ንግግሩ አልቋል። "ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቶሎ ወስኑ" ቢላችሁ ደግሞ ሌላው ሰው ይውሰዳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ክፍያው

ዲለር "በወር ስንት ትችላለህ?" ሲላችሁ አትመልሱ። በዚያች ጥያቄ ነው የምትበሉት። 18,000 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ48 ወር ከሆነ በወር 448 ትከፍላላችሁ፤ ወለዱ በጠቅላላው 3,500 ገደማ ነው። በ72 ወር ሲሆን ወርሃዊው 324 ይሆንና ደስ ይላችኋል፣ ወለዱ ግን ከ5,300 ይበልጣል። ስለዚህ "አውት ዘ ዶር ስንት?" (ታክሱም ክፍያውም ሁሉ ተጨምሮ) ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ጠይቁ፣ ኢንሹራንሱንም አስተምኑ።

ቨርጂኒያ ሲሸጥ 4.15 በመቶ ታክስ አለ። ከዚያም በየዓመቱ ካውንቲው ወይም ከተማው የመኪና ታክስ ይልክላችኋል። ከሜሪላንድ የተሻገረ ሰው የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ስትመጣ ይደነግጣል፣ እዚያ የለማ። ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና በስም ሲዛወር የስቴት ኢንስፔክሽን ማለፍ አለበት። ከግለሰብ ስትገዙ ባንክ ውስጥ ተገናኙ፤ ገንዘቡም ታይትሉም እዚያው ይቀያየር።

የመጀመሪያው ሙሌት

አገር ቤት ቀጂው ነው የሚቀዳው፤ እዚህ ራሳችሁ ናችሁ። ኒው ጀርሲ ብቻ ሠራተኛው ይቀዳላችኋል። እሱ ጋ "ሬጉላር" ወይም "ፕሪምየም" የሚለውን ጮክ አድርጋችሁ ተናገሩ። የነዳጅ መለኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ ታሳያለች። አሥር ዓመት ነድቶ ያላያት ጓደኛ አለኝ።

ቀደም ያለው ባለቤት ምን ሲቀዳ እንደነበር አታውቁም። ፕሪምየም ግዴታ የሆነባት ከሆነች ግማሽ ታንክ 87 ቢኖርባትና 93 ብትሞሉባት 90 አካባቢ ይሆናል፤ ከሁለተኛው ሙሌት በኋላ ይስተካከላል። እስከዚያ ዳገት ላይ አትርገጧት።

ከኦክቴን ይልቅ እኔ የምጨነቅበት ቤንዚኑ ውስጥ ያለው የሞተር ማጽጃ ነው። "ቶፕ ቲር" የሚል ምልክት ያለበት ማደያ ፈልጉ። ደረጃውን በ2004 ያወጡት ቢኤምደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ናቸው። ትሪፕል ኤ በ2016 ሲሞክረው ቶፕ ቲር ያልሆነው ቤንዚን 19 እጥፍ የሚበልጥ ጥላሸት ሞተር ውስጥ ትቷል። ውድ ማደያ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮስትኮም ቶፕ ቲር ነው። ሰልፉን ግን እኔ አላሳጥረውም።

88 የሚል ርካሽ ቤንዚን ካያችሁ 15 በመቶ ኢታኖል ያለው ነው። ማኑዋሉ ካልፈቀደ ተዉት። ኢ 85ን፣ ብዙ ጊዜ እጀታው ቢጫ የሆነውን፣ በጭራሽ አትንኩት።

ቱቦው ቀጭ ሲል አቁሙ። "ትንሽ ልጨምር፣ ሳንቲሙን ላሙላ" የምንለው ነገር ቤንዚኑን ወደ ትነት ማጥለያው ከሰል ይልከዋል፤ ከዚያ የቼክ ኢንጅን መብራት ይመጣል። ክዳኑን እስኪንቋቋ አጥብቁ። ስንት ሰው በላላ ክዳን ምክንያት መካኒክ ጋ ሄዶ ከፍሏል! ጠዋት በብርድ መቅዳት ይበዛል የሚባለው ደግሞ ወሬ ነው፤ የማደያው ታንክ ከመሬት ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። ታንኩንም ከሩብ በታች አታውርዱት፤ የነዳጅ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው።

በዴቢት ካርድ ከቀዳችሁ ማደያው ከ100 ዶላር በላይ ለጊዜው ሊይዝባችሁ ይችላል። ሒሳባችሁ ቀጭን ከሆነ ውስጥ ገብታችሁ ከፍላችሁ ቅዱ።

ሙሉ ስትቀዱ ማይሉንና ጋሎኑን ጻፉ። ማይሉን ለጋሎኑ አካፍሉት። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ያገኛችሁት ቁጥር የመኪናችሁ ጤና ነው። 40 የሚገባት 33 ካመጣች መጀመሪያ የጎማ አየር አስለኩ፣ ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩ። እኔ ደብተሬን ከዳሽቦርዱ ሥር ነው የማስቀምጠው። የባለፈው ማክሰኞ መስመር እንዲህ ትላለች፦ 11.4 ጋሎን፣ 451 ማይል፣ ሬጉላር።